ትንሿ የጦር መርከብ ምን ትችላለች? ምንስ ያቅታታል?

ባለፈው ሴሚስተር በዜና ትርጉም ክፍለ ጊዜ ስለ ጥቁር ባሕር ጦርነት የሚናገር አጭር የውጭ ዜና ወደ አማርኛ እንድንመልስ ተሰጥቶን ነበር። ዜናው ውስጥ አራት ዓይነት መርከቦች በየስማቸው ተጠርተዋል። ወረቀቱ ሲሰበሰብ ግን ከክፍሉ ተማሪ ከግማሽ በላዩ አራቱንም "የጦር መርከብ" ብሎ አልፏቸዋል። እኔም ከእነሱ አንዷ ነበርኩ። መምህራችን ወረቀቴ ላይ በቀይ እስክሪብቶ "የትኛዋ?" ብለው ጽፈው መለሱልኝ። ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያች "የትኛዋ?" ነው።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ የምናወራው ስለ ትናንሾቹና ስለ ፈጣኖቹ ነው። በጥቅሉ ሲታይ ዲስትሮየር የምትባለው ዛሬ ብዙ ሺህ ቶን የምትመዝን ትልቅ መርከብ ናት። ፍሪጌት ከእሷ ዝቅ ትላለች፣ ኮርቬት ደግሞ ከፍሪጌትም ታንሳለች። ከኮርቬት በታች ሚሳይል ጀልባ የሚባሉት አሉ። ከስልሳ ቶን ጀምሮ እስከ ጥቂት መቶ ቶን ይመዝናሉ፤ የሚይዙት ሰው ከጥቂት ደርዘን አይበልጥም። ፍጥነታቸው የሚለካው በኖት ሲሆን አንድ ኖት በሰዓት 1.85 ኪ.ሜ. ነው። ስለዚህ "40 ኖት ትሄዳለች" ሲባል በሰዓት 74 ኪ.ሜ. ማለት ነው። ይህ በአዳማ መንገድ ለሚከንፍ ሚኒባስ ቀርፋፋ ነው፤ ውሃ ላይ ግን በጣም ፈጣን ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የእነዚህ ጀልባዎች ዝና የጀመረው ኦክቶበር 21 ቀን 1967 አመሻሹ ላይ ነው። የስድስቱ ቀን ጦርነት ካለቀ ገና አራት ወሩ ነበር። ኤይላት የተባለችው የእስራኤል ዲስትሮየር ከግብፅ ፖርት ሳይድ ወደብ ፊት ለፊት ከ20 ኪ.ሜ. በላይ ርቃ ትቃኛለች። ኤይላት በ1944 በእንግሊዝ የተሠራች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገለች፣ ወደ 1,700 ቶን የምትመዝን መርከብ ናት፤ 199 ሰው ይዛለች። ወደቡ ውስጥ ደግሞ ከሶቪየት ኅብረት የተገኙ ኮማር የሚባሉ ጀልባዎች ነበሩ። ኮማር ከ25 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርዝመት ያላት፣ ሰባ ቶን እንኳ በቅጡ የማትሞላ፣ አካሏ ከእንጨት የተሠራ ጀልባ ናት። ጀርባዋ ላይ ግን ሁለት ትልልቅ ሚሳይሎች ተሸክማለች። ከእነዚህ ጀልባዎች የተተኮሱት ሚሳይሎች ኤይላትን መቷት፤ መርከቧም ሰጠመች። 47 ሰዎች ሞቱ።

በዓለም ያሉ የባሕር ኃይሎች ሁሉ ደነገጡ። ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ትልቅ መርከብ ያለው አገር ትንሽ ጀልባ ያለውን አገር ይንቅ ነበር። ከሃያ እጥፍ በላይ የምትበልጣትን መርከብ አንዲት የእንጨት ጀልባ ልታሰጥም ትችላለች ማለት የኃይል ሚዛኑ ተናጋ ማለት ነው። ደሃ አገሮችም ይህን አይተው ጀልባዎቹን መግዛት ጀመሩ።

እዚህ ላይ ግን ብዙ ሰው የሚያልፈው አንድ ነገር አለ፤ እኔም ካነበብኩ በኋላ ነው የገባኝ። የኮማር ጀልባዎቹ የተኮሱት ከወደባቸው ሳይወጡ ነው! ፍጥነታቸውን አልተጠቀሙበትም። ኤይላትን የገደላት የጀልባዋ ሩጫ ሳይሆን ሚሳይሉ ነው፤ ደግሞም ኤይላት ላይ የነበሩት ሰዎች ለዚያ ዓይነት መሣሪያ መከላከያ ስላልነበራቸው ነው። ታዲያ "ፈጣን የጦር ጀልባ" ስንል ከሁለቱ ቃላት የትኛው ነው ሥራውን የሚሠራው? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው።

ከአራት ዓመት በኋላ ሕንድና ፓኪስታን ሲዋጉ ተመሳሳይ ነገር ታየ። ዲሴምበር 4 ቀን 1971 ሌሊት ሦስት የሕንድ ሚሳይል ጀልባዎች ወደ ካራቺ ወደብ ተጠግተው ካይበር የተባለችውን የፓኪስታን ዲስትሮየርና ሌሎች መርከቦችን አሰጠሙ። ጀልባዎቹ ኦሳ የሚባለው ዓይነት ናቸው፤ ይህን ስም አስታውሱት፣ መጨረሻ ላይ ወደ አገራችን ስንመጣ እንመለስበታለን። ድሉ ትልቅ ነበር። ነገር ግን እነዚያን ሦስት ጀልባዎች ካራቺ ለማድረስ ሁለት ኮርቬቶችና አንዲት ነዳጅ ጫኝ መርከብ አብረው መሄድ ነበረባቸው። ጀልባዎቹ ብቻቸውን ሩቅ መሄድ አይችሉም፣ ነዳጃቸው አይበቃም። ዜናው ሲጻፍ ግን የነዳጅ መርከቧን ማን ያስታውሳታል?

አሁን በጣም የወደድኩት ታሪክ ጋ ደረስን። በ1973 የጥቅምቱ ጦርነት በተጀመረ ማግስት፣ ሶርያ ላታኪያ አጠገብ በታሪክ የመጀመሪያው የሚሳይል ጀልባ ከሚሳይል ጀልባ ውጊያ ተካሄደ። እስራኤሎች ከኤይላት በኋላ ተምረው የራሳቸውን ጀልባዎች አዘጋጅተዋል። ብዙዎቹ ፈረንሳይ ሼርቡር ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ የመጨረሻዎቹ አምስቱ በ1969 በገና ሌሊት ፈረንሳዮች ሳይፈቅዱ ከወደቡ ሹልክ ብለው ወጥተው የሄዱ ናቸው (ይህ ራሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል)። ችግራቸው ግን ይህ ነበር፦ ገብርኤል የተባለው ሚሳይላቸው የሚደርሰው ወደ 20 ኪ.ሜ. ሲሆን የሶርያ ጀልባዎች ሚሳይል ግን ወደ 40 ኪ.ሜ. ይደርሳል።

እስቲ አስቡት። ሃያ ኪሎ ሜትር ሙሉ ተኩስ እየተቀበሉ፣ መልስ መስጠት ሳይችሉ መጠጋት አለባቸው። በ35 ኖት የምትሄድ ጀልባ፣ ጠላቷ ባለበት ቢቆምላት እንኳን፣ ያንን ርቀት ለማለፍ 18 ደቂቃ ገደማ ይፈጅባታል። ሚሳይሉ ግን 40 ኪ.ሜ.ውን የሚጨርሰው ከሁለት ደቂቃ ብዙም በማይበልጥ ጊዜ ነው። በሩጫ ማምለጥ የሚባል ነገር የለም።

ያዳናቸው ማታለል ነው። ሚሳይሉ መርከቧን የሚፈልገው በራዳር ነው፤ ራዳር ደግሞ የሚያየው ከብረት ነጥሮ የሚመለሰውን ሞገድ ነው። እስራኤሎቹ እንደ ቸኮሌት መጠቅለያ ስስ የሆኑ የብረት ቅብ ብጣሾችን በሮኬት ወደ ሰማይ በተኑ፤ በዚያ ላይ የሚሳይሉን ራዳር የሚረብሽ ሞገድ ለቀቁ። የሶርያ ሚሳይሎች መርከብ መስሏቸው የብጣሽ ደመና መቱና ባሕር ውስጥ ወደቁ። አንድም አልመታም። ከዚያ እስራኤሎቹ ተጠግተው ተኮሱ፤ በዚያች ሌሊት ሶርያ አምስት መርከቦች አጣች። ከአንድ ቀን በኋላ ግብፅም ባልቲም አጠገብ ሦስት ኦሳዎች በተመሳሳይ መንገድ አጥታለች።

ስለዚህ በስድስት ዓመት ውስጥ ሁለት ነገር ተገለጠ። በ1967 ትንሿ ጀልባ ያልተዘጋጀን ትልቅ መርከብ ልትገድል እንደምትችል ታየ። በ1973 ደግሞ ያው ሚሳይል፣ የተዘጋጀ ሰው ሲጠብቀው ባዶውን እንደሚወድቅ ታየ። በሁለቱም ላይ ወሳኙ ፍጥነት አልነበረም።

ይህን በቁጥር ለማየት ራሴ አንድ ስሌት ሠርቻለሁ፤ ከባድ አይደለም፣ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። በሰዓት 1,100 ኪ.ሜ. የሚበር ሚሳይል ከ20 ኪ.ሜ. ቢተኮስ 65 ሰከንድ ይፈጅበታል። በዚያ ጊዜ ውስጥ 40 ኖት የምትሄድ መርከብ 1,340 ሜትር ትሸሻለች። 28 ኖት የምትሄድ፣ ማለትም ተራ የጦር መርከብ፣ 940 ሜትር ትሸሻለች። ልዩነቱ 400 ሜትር ነው። ራሱ ዐይን ላለው ሚሳይል 400 ሜትር ምኑም አይደለም።

ለእነዚያ 400 ሜትሮች የሚከፈለው ዋጋ ግን ከባድ ነው። ውሃ እንደ አየር ቀላል አይደለም፣ መርከብ በፈጠነች ቁጥር ራሷ የምታስነሳው ማዕበል መልሶ ይይዛታል። በግምት የአንዲትን መርከብ ፍጥነት እጥፍ ለማድረግ የሞተሩን ኃይል እጥፍ ማድረግ አይበቃም፤ ወደ ስምንት እጥፍ ያስፈልጋል። ያ ሞተር ቦታ ይወስዳል፣ ነዳጁም ቦታ ይወስዳል። ቦታው ከየት ይመጣል? ከምግብ፣ ከውሃ፣ ከመኝታ፣ ከመከላከያ መሣሪያ፣ ከብረቱ ውፍረት።

ሰፈራችን ውስጥ ድሮ ባሕር ኃይል የነበሩ አንድ አዛውንት አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። ኦሳ ጀልባ ላይ የሠሩ መሆናቸውን ሰምቼ "ጋሼ፣ ፍጥነቷ እንዴት ነበር?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ሳቁ። "ልጄ፣ ሦስት ሞተር ነው ያላት፤ አንዱ ብቻ ከ40 በላይ ሲሊንደር ነው። ሦስቱም ሲነሱ አጠገብሽ ያለውን ሰው አትሰሚውም። ማዕበል ካለ ደግሞ ምሳ የሚባል የለም፣ የሚበላም የለም" አሉኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው "አንድ ቀን ሄደን ስንመለስ መካኒኮቹ ለብዙ ቀን አይተኙም። ሰው መርከቧን ያያል እንጂ መካኒኩን አያይም" አሉ። ጀልባዋ ጥሩ ነበረች ወይ ስላቸው "ከወደብ አጠገብ ጥሩ ነበረች" ብለው መለሱልኝ። ከመጽሐፍ ካነበብኩት ሁሉ ይህች መልስ በለጠችብኝ።

ሌላው ደካማ ጎኗ አየር ነው። በ1991 የባሕረ ሰላጤው ጦርነት የኢራቅ ባሕር ኃይል ጀልባዎች ወደ ኢራን ለማምለጥ ሲሞክሩ ቡቢያን ደሴት አካባቢ ተያዙ። የእንግሊዝ ሊንክስ ሄሊኮፕተሮች ሲ ስኩዋ የተባለ ትንሽ ሚሳይል ይዘው አንድ በአንድ ለቀሟቸው። ከጀልባዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ጥሩ ሚሳይል የታጠቁ ነበሩ። ግን የመርከብ ሚሳይል ሄሊኮፕተር አይመታም፤ በሰዓት ከ200 ኪ.ሜ. በላይ ከሚበር ሄሊኮፕተርም 74 ኪ.ሜ. ሮጦ የሚያመልጥ የለም። ለአየር መከላከያ የሚሆን ቦታ ደግሞ ጀልባዋ ላይ አልተረፈም። ያው ቅድም ያልኩት የቦታ ጉዳይ ነው። በተጨማሪ ጀልባዋ አጭር ስለሆነች ራዳሯ ከፍ ብሎ አያይም፤ ምድር ክብ ናትና ከተወሰነ ርቀት በኋላ ዒላማዋ ከአድማስ በታች ይሆናል። ሚሳይሏ የሚደርስበትን ያህል ዐይኗ አይደርስም። ስለዚህ ሌላ የሚያይላት፣ የምድር ራዳር ወይም አውሮፕላን፣ ያስፈልጋታል።

"ታዲያ ሀብታም አገር ገንዘብ ጨምሮ ይህን ሁሉ ማስተካከል አይችልም?" የሚል ካለ አሜሪካ ሞክራዋለች። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለባሕር ዳርቻ ውጊያ የምትሆን አዲስ ዓይነት መርከብ አሰበ። ከ40 ኖት በላይ የምትሮጥ፣ ጥቂት ሰው የሚይዛት፣ መሣሪያዋም እንደየሥራው የሚቀያየር እንድትሆን ነበር የታቀደው። ዛሬ ፈንጂ ለቃሚ፣ ነገ ሰርጓጅ አዳኝ፣ ከነገ ወዲያ ጀልባ ተዋጊ። ዋጋዋም ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር እንዲሆን ነበር የታሰበው። ሁለት ዓይነት ተሠራ፦ በ2008 ሥራ የጀመረችው ፍሪደምና በ2010 የተከተለችው ባለ ሦስት አካል አሉሚኒየም መርከብ ኢንዲፔንደንስ።

መጀመሪያ ነገር "ትንሽ" የሚለው ቃል ቀረ፤ መርከቦቹ ከ3,000 ቶን በላይ ሆኑ። ዋጋቸውም በግማሽ ቢሊዮን ዶላር ዙሪያ ሄደ። መጀመሪያ ለ40 ሰው የታሰበው የመርከቧ ሥራ ሰዎቹን ስለገደላቸው ቁጥሩ ወደ 50 ከፍ አለ። ከሁሉ የገረመኝ ግን የካምቢዮው ነገር ነው። የፍሪደም ዓይነቶቹ ያንን ሁሉ ፍጥነት ለማግኘት የናፍጣ ሞተርና የጋዝ ተርባይን ኃይል አንድ ላይ ማጣመር አለባቸው፤ የሚያጣምረው ካምቢዮ ግን ደጋግሞ ይሰበራል። ሚልዋውኪ የተባለችው መርከብ ኖቬምበር 2015 ተመርቃ ዲሴምበር ላይ ባሕር መሀል ቆመች፤ እየተጎተተች ወደብ ገባች። በ2021 መጀመሪያ ባሕር ኃይሉ ካምቢዮው እስኪስተካከል ድረስ አዳዲሶቹን አልረከብም አለ። በሌላው ዓይነት ላይ ደግሞ አካላቸው እየተሰነጠቀ አንዳንዶቹ ባሕሩ ሲናወጥ ከ15 ኖት በላይ እንዳይሄዱ መከልከላቸው በ2022 ተሰማ። 40 ኖት እንድትሮጥ የተሠራች መርከብ 15 ኖት!

የፔንታጎን የመሣሪያ ፍተሻ ቢሮም መርከቦቹ በከባድ ውጊያ ውስጥ ተመትተው ይተርፋሉ ተብሎ እንደማይጠበቅ ከዓመታት በፊት ጽፎ ነበር። ሰርጓጅ ማደኛው መሣሪያ በ2022 ተሰረዘ። ሱ ሲቲ የተባለችው መርከብ በ2018 ተመርቃ በ2023፣ አምስት ዓመት ሳይሞላት፣ ጡረታ ወጣች። ከሃምሳ በላይ ሊሠሩ የታሰቡት በ35 ቆሙ። ፍትሐዊ ለመሆን፣ መርከቦቹ ከንቱ አይደሉም። ከ2019 ጀምሮ የኖርዌይ ሥራ የሆነ ረጅም ርቀት የሚሄድ ሚሳይል አንዳንዶቹ ላይ ተገጥሟል፤ የፈንጂ መልቀም ሥራውም ዘግይቶ ቢሆንም ደርሷል። ነገር ግን ሁለቱም ሥራዎች 40 ኖት አይጠይቁም። ፈንጂ የሚለቅም ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

በትክክል የሚሠራበት ቦታ ኖርዌይና ስዊድን ይመስለኛል። የኖርዌይ ሸልድ ጀልባ 270 ቶን ገደማ ናት፤ በአየር ትራስ ከውሃው ከፍ ብላ ወደ 60 ኖት ትሄዳለች፣ ስምንት ሚሳይሎችም ትይዛለች። የስዊድን ቪስቢ ኮርቬት አካሏ ከካርቦን ፋይበር ተሠርቶ በራዳር እንዳትታይ ተደርጋለች። እነዚህ አገሮች ጠረፋቸው በደሴትና በገደል የተሞላ ነው። ጀልባዋ ከቋጥኝ ጀርባ ተደብቃ ትጠብቃለች፣ ተኩሳ ወደ ሌላ ቋጥኝ ትሄዳለች። ነዳጁም ቅርብ ነው፣ መካኒኩም ቅርብ ነው፣ ዐይን የሚሆናት ራዳርም ተራራው ላይ አለ። ፍጥነቱ እዚህ ሥራ አለው፤ የሚያስፈልገው ከተኮሱ በኋላ ቦታ ለመለወጥ ነው።

የእኛ ጎረቤት የሆነው ቀይ ባሕር ግን እንደዚያ አይደለም። ኦክቶበር 1 ቀን 2016 ስዊፍት የተባለች፣ በአሉሚኒየም የተሠራች ፈጣን ካታማራን፣ ከባብ ኤል ማንደብ ብዙ ሳትርቅ በሁቲዎች ሚሳይል ተመታ ፊቷ ተቃጠለ። እሷ ለጭነት የምታገለግል እንጂ ተዋጊ አልነበረችም፤ ሆኖም ቀላልና ፈጣን አካል በእሳት ፊት ምን እንደሚሆን አሳይታለች።

መምህራችን በሰጡን ዜና ውስጥ ከነበሩት አንዷ ደግሞ ኢቫኖቬትስ ናት። ወደ 500 ቶን የምትመዝን፣ 40 ኖት አካባቢ የምትሮጥ፣ አራት ከድምፅ የሚፈጥኑ ሚሳይሎች የምትይዝ የሩሲያ ኮርቬት። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2024 ክሪሚያ ውስጥ ዶኑዝላቭ በተባለው ቦታ የዩክሬን የባሕር ድሮኖች ተከታትለው መቷትና ሰጠመች። ድሮኖቹ አምስት ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ያላቸው፣ ሰው የሌለባቸው ጀልባዎች ናቸው። በ1967 ኮማር በኤይላት ላይ ያደረገችውን በ2024 ከኮማር እጅግ ያነሱት በኮማር የልጅ ልጅ ላይ አደረጉት። ትንሽነት ያሸነፈበት ሰው ከእሱ ይበልጥ ትንሽ የሆነ ሲመጣበት ግራ ይገባዋል።

በ2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል እንደገና እንደሚቋቋም ይፋ ከተደረገ ወዲህ ዶርም ውስጥ ወሬ ሲነሳ "ትልቅ መርከብ ምን ያደርጋል፣ አምስት ስድስት ፈጣን ሚሳይል ጀልባ ይበቃል" የሚል ሰው አይጠፋም። ዋጋውን ብቻ ካየን ትክክል ይመስላል። እኔ ግን አልስማማም፤ ምክንያቴም ከላይ የጻፍኩት ነው። ከጦር መርከቦች ሁሉ ወደብ አጠገቧ ካልሆነ የማትኖረው ይህችው ትንሿ ናት። ትልቅ መርከብ ሳምንታት ባሕር ላይ ትቆያለች። ሚሳይል ጀልባ ግን በየጊዜው ነዳጅ፣ ዳቦ፣ መካኒክና መኝታ ትፈልጋለች። ወደብ የሌለው አገር መጀመሪያ የሚያጣው እሷን ነው።

ይህ ደግሞ በእኛው ላይ ደርሷል። ደርግ ከሶቪየት ኅብረት ኦሳ ጀልባዎችን አግኝቶ ነበር፣ ጋሼ የሠሩባቸውን። በየካቲት 1982 ዓ.ም. የምፅዋ ውጊያ የሻዕቢያ ቀላል መሣሪያ የታጠቁ ትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች ከምድር ጦሩ ጋር ተባብረው ወደቡን አጠቁ፤ ምፅዋም ተያዘች። ያን ጊዜ የባሕር ኃይሉ ዋና ቤት ሄደ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አሰብም ስትያዝ የቀሩት መርከቦች ባሕሩን ተሻግረው የመን ገቡ። ዓመታት እዚያ ቆይተው ወደ ጅቡቲ ተወሰዱ። በ1996 የወደብ ዕዳ ተቆጥሮባቸው ለጨረታ ቀረቡ።